እንጀራዬን ለመለሰችልኝ ባለሙያ

ክብደቴን እንድቀንስ ለረዳችኝ የሥነ ምግብ ባለሙያ ይህን ምስጋና ለመጻፍ ከዓመት በላይ ፈርቻለሁ። ካመሰገንኩ በኋላ ኪሎው ተመልሶ ቢመጣስ? አሁን ግን አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ፤ 79 ላይ፣ አንድ ሁለት ኪሎ ወጣ ወረድ እያልኩ፣ እዚያው አለሁ። ስለዚህ ልናገር።

ከእሷ በፊት አምስት ዓመት ስከሳና ስወፍር ኖሬአለሁ። ስሙን የማልጠራው አንድ የክብደት መቀነሻ ቤት በሰው ፊት ሚዛን ላይ አቁሞ «ዘጠና አንድ!» ብሎ የሚጮህ ነበር። የታተመ ወረቀት ሰጡኝ፤ እንጀራ ክልክል፣ ዳቦ ክልክል፣ ማታ 120 ግራም ሳልሞን ዓሣ። አዲስ አበባ ላይ ሳልሞን ከየት እንደማመጣ፣ በምን ገንዘብ እንደምገዛው የነገረኝ የለም። ሌላው ደግሞ ስብ ያቀልጣል ብሎ ሻይ ሸጠልኝ። ያቀለጠው አንጀቴን ነው፤ ሦስት ቀን ከመጸዳጃ ቤት አልራቅኩም። በእልህ በአምስት ወር 68 ገባሁ። ፀጉሬ በማበጠሪያው እየተነቀለ ቀረ፣ በሚያዝያ ሙቀት ጋቢ ደርቤ እንቀጠቀጥ ነበር፣ ልጆቼን በሆነው ባልሆነው እቆጣለሁ። ለቅሶ ቤት ስገባ «ምን ነክቷት ነው?» ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ ፋሲካ መጣ፤ ዶሮው ሲቀርብ እጄን መሰብሰብ አቃተኝ። በዓመቱ 95 ሆንኩ። እነዚያው ሰዎች «ተስማምቶሻል» አሉኝ!

መገናኛ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ የሄድኩት ለደም ግፊቴ ነበር። ሐኪሙ ወደ ሥነ ምግብ ባለሙያዋ ላከኝ። ልጄ ልትሆን የምትችል ወጣት ናት። ወረቀት ስታወጣ ያ ዝርዝር ሊመጣ ነው ብዬ ልቤ ወረደ። ወረቀቱ ግን ባዶ ነው። ሰፊ ክብ ሣለችበትና እስክሪብቶውን ለእኔ ሰጠችኝ።

«ይህ የቤታችሁ ትሪ ነው። እርስዎ በየት በኩል ነው የሚቀመጡት?»

እኛ ቤት አምስት ሰው ከአንድ ትሪ ይበላል። በጋራ ትሪ ላይ 120 ግራም ማን ይመዝናል? እነዚያን ዓመታት ቤተሰቤ ሳሎን ሲበላ እኔ ጓዳ ገብቼ የተቀቀለ ነገር ለብቻዬ ስቆረጥም የኖርኩት ለዚህ ነው። የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሁሉንም ቦታ ምልክት አደረግኩ። አማቴ በስተቀኜ እንደሚቀመጡና ጉርሻ እንደሚያበዙ ስነግራት ሳቀች። «የእሳቸውንማ ጉርሻ እንዴት ይመልሳሉ? እሱን ቆጥረን ከሌላው እንቀንሳለን» አለችኝ። እንባዬ መጣ። ሶፍት አቀብላኝ ዝም ብላ ጠበቀችኝ፤ ውጭ ሰው ተሰልፎ እያለ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አስረድታኛለች፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ፣ ሰውነት በረሃብ ሲጨነቅ መቆጠብ እንደሚጀምር ነው። የከለከለችኝ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጎመኑና ምስሩ በእኔ በኩል በርከት ብሎ እንዲወጣ፣ የቡናዬ ስኳር ከሦስት ማንኪያ ወደ አንድ እንዲወርድ፣ ከታክሲ ቀደም ብዬ ወርጄ በእግሬ እንድሄድ፤ ይኸው ነው። የሁዳዴን 55 ቀን መጾም እፈልጋለሁ ስላት ከግፊት መድኃኒቴ ጋር እንዴት እንደሚሆን ሐኪሙን ጠይቃልኝ፣ ሽሮውንና ሱፍ ፍትፍቱን አብረን አስተካከልን። ወደ 68 እንድትመልሰኝ ስለምናት ደግሞ «ያኔ የከፈሉትን ዕድሜ ልክዎን መክፈል ይችላሉ?» አለችኝ። አልችልም።

ቀጭን አይደለሁም። ደረጃ ስወጣ ግን አላለከልክም፣ ግፊቴ ወርዷል፣ የጥምቀት ቀሚሴ ሁለተኛ ዓመቱን ልብስ ሰፊ ሳይነካው ልኬ ሆኗል።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ፤ ያሳደጉሽ ይባረኩ። ስሟን እንዳልጽፍ ነግራኛለችና አልጽፍም፤ ለጠየቀኝ ሁሉ ግን በግል እልካለሁ። በሻይና በዱቄት ገንዘባችሁን የምትጨርሱ እህቶቼ፣ እባካችሁ ሂዱ። ወንዶችም ሂዱ፤ የእኔውም ባለቤት ጀምሯል። ቅዳሜ ሰልፍ ስለሚበዛ በማለዳ ድረሱ፤ ግን ቁርስ በልታችሁ። ባዶ ሆዱን የመጣ ሰው ካየች ትቆጣለች።