ልጄን ላረጋጋችልኝ ሲስተር

ልጄ ነገ በ40 ቀኑ ክርስትና ይነሣል። ከዚያ በፊት እዚሁ ድሬዳዋ በተወለደበት ሆስፒታል፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል የሌሊት ተረኛ የነበረችውን ሲስተር በአደባባይ ማመስገን አለብኝ። ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች።

ባለፈው ዓመት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ተገልብጦ ወገቤ ተጎዳ። ለሕመሙ የታዘዘልኝን ትራማዶል ማዘዣው ካለቀም በኋላ እየገዛሁ፣ ነፍሰ ጡር መሆኔን እያወቅሁ በየቀኑ እውጥ ነበር። ለባለቤቴ እንኳን አልነገርኩም።

በወለድኩ ማግስት ልውጣ ብዬ ስለምን ያስቀረችኝ ሲስተር ናት። በሁለተኛው ቀን ልጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጩኸቱ ቀጭንና ጆሮ የሚበሳ ነበር፤ ደጋግሞ ያስነጥሰዋል፣ ጡት ላይ ይጣደፋል፣ ግን ይዞ መጥባት ያቅተዋል። ጠያቂው ሁሉ ቁርጠት ነው፣ ዓይን በልቶት ነው ይላል። ሲስተር ሰዎቹን አስወጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና «እህቴ፣ በእርግዝናሽ ጊዜ ለሕመም የምትወስጂው ነገር ነበር? የምጠይቅሽ እሱን ለመርዳት ነው» አለችኝ። ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ያን ፊት መቼም አልረሳውም።

በማኅፀን የለመደው መድኃኒት ስለተቋረጠበት እንደሆነ አስረዳችኝ። ምልክቱ ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚታየው፤ ወጥቼ ቢሆን ኖሮ ቤት ውስጥ ምን ይውጠኝ ነበር?

ከዚያ መብራቱን አጠፋች፣ መጋረጃውን ጋረደች፣ እናቴንም «እልልታውን ለክርስትናው ያቆዩልኝ» አለቻት። የድሬ ሙቀት ብርድ ልብስ አያስችልምና በራሷ ስስ ነጠላ ጠቀለለችው፤ በየጊዜው አንገቱን እየዳሰሰች እንዳይሞቀው ታይ ነበር። ገላ ለገላ ደረቴ ላይ አስተኛችልኝ። በየተራዋ ሦስት ነገር ትጠይቀኛለች፦ ጠባ? አንድ ሰዓት ሳይነቃ ተኛ? ስታባብዪው በ10 ደቂቃ ውስጥ ዝም አለ? ሐኪሙ መድኃኒቴን ቀይሮ ማጥባት ከፈቀደልኝ በኋላ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ አጠባሁት። ቢብስበት ሞርፊን በጠብታ ሊሰጠው ታስቦ ነበር፤ አላስፈለገውም። በዘጠነኛው ቀን ወጣን።

እንደ እኔ የደበቃችሁ እናቶች፣ ሳትወልዱ ለሐኪም ንገሩ፤ በራሳችሁ ግን በአንድ ጊዜ አታቋርጡ፣ ድንገት ማቆም ለጽንሱም አደገኛ ነው። ሲስተርን ማግኘት ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እኔው ይዣችሁ እሄዳለሁ።

ሲስተር፣ ነገ ከሥራ ስትወጪ በቀጥታ ወደ ቤታችን ነይ። ነጠላሽን አጥቤ አስቀምጬልሻለሁ።