ለማግኔቱ አራት፣ ለቴክኒሻኗ አምስት፣ ለሲዲው አንድ ኮከብ

ከስታዲየም እስከ ፒያሳ ባለው መስመር ካሉት የምርመራ ማዕከላት በአንዱ የወገብ ኤምአርአይ፣ ማለትም በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያሳይ ምርመራ፣ ተነሳሁ። የማመሰግነውም የምወቅሰውም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። ዋጋውንም አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት ለወሩ አይደርስም። ደውላችሁ ጠይቁ። ስትደውሉ ግን ከዋጋው በፊት «ማሽናችሁ ስንት ቴስላ ነው?» በሉ።

ሬዲዮና ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነኝ። ዕድሜ ልኬን ጎንበስ ብዬ የኖርኩ ሰው ወገቤን ቢያመኝ የሚደንቅ አይደለም። ሕመሙ ከመቀመጫዬ ተነስቶ ግራ እግሬን ይዞ እስከ አውራ ጣቴ ሲወርድ ጎረቤት «ወጌሻ ይየው» አለ። ሐኪሜ ደግሞ ራጁን አየና «አጥንቱ ደህና ነው፤ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ትራስ፣ ዲስኩን፣ እና ነርቩን ግን በዚህ አላየውም» ብሎ የኤምአርአይ ማዘዣ ጻፈልኝ።

እንግዳ መቀበያ ላይ ያለችው ልጅ ስለ ቴስላው ስጠይቃት «አዲስ ማሽን ነው አባቴ» ከማለት አላለፈችም። አዲስነቱን መቼ ጠየቅኩ? ቴስላ የማግኔቱ ጉልበት መለኪያ ነው። ጎናቸው ክፍት የሆኑት ማሽኖች ጠባብ ቦታ ለሚጨንቀው ሰው ይመቻሉ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ከ0.5 ቴስላ በታች ናቸው። ጉልበቱ ሲያንስ ከሰውነት የሚመጣው ሲግናል ይደክማል፤ ስለዚህ ወይ ረዥም ሰዓት ያስተኙሃል ወይ ምስሉ ይሻክራል። ይሄኛው 1.5 ቴስላ መሆኑን የነገረችኝ ቴክኒሻኗ ናት። አዲስ አበባ ላይ ካለው የምድር መግነጢስ ከ30,000 ጊዜ በላይ ይበረታል፤ ለወገብ ይበቃል። 3 ቴስላ የሚባልም አለ፤ እኔ ግን ለዲስክ ብዬ ፍለጋ አልወጣም።

ልጅቷ ቀጥላ «ኮንትራስት ይጨመር?» አለችኝ። ማዘዣው ላይ የለም። ኮንትራስት የሚባለው፣ በደም ሥር የሚሰጠው የጋዶሊኒየም መድኃኒት፣ በአብዛኛው የሚያስፈልገው ወገቡን ቀድሞ ኦፕራሲዮን ለተደረገ፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ለተጠረጠረበት ሰው ነው፤ የኩላሊት ሕመም ያለበት ደግሞ አስቀድሞ መመርመር አለበት። ይሄን የሚወስነው ሐኪም ነው እንጂ ገንዘብ ተቀባይ አይደለም። «አይጨመር» ብዬ ከፈልኩ።

ቴክኒሻኗ ሌላ ሰው ናት። ፎርሙን አስፈርማ ብቻ አላስገባችኝም፤ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ ልብዎ ላይ የተገጠመ ነገር አለ? ጭንቅላትዎን ኦፕራሲዮን ተደርገዋል? ግራይንደር ይሠራሉ?» የመጨረሻዋን ጥያቄ ወደድኳት። ዓይን ውስጥ የቀረች የብረት ብናኝ ማግኔቱ አጠገብ ስትደርስ ልትንቀሳቀስና ዓይን ልታጠፋ ትችላለች። ብረት የምትቆርጡና የምትበይዱ ወንድሞች፣ ባትጠየቁም ተናገሩ።

ከእኔ በፊት የነበሩ እናት ማተባቸውን አልበጥስም ብለው ተቆጥተው ነበር። «እማማ፣ ክሩ ይቆይ፤ መስቀሉን ብቻ አውጥተው ለልጅዎ ይስጡልኝ» አለቻቸው፤ ተስማሙ። ንጹሕ ብር በማግኔት አይሳብም። ግን በብር ስም የሚሸጠው ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል? ደግሞም የማይሳበውም ብረት ቢሆን አጠገቡ ያለውን ምስል ያበላሻል።

ድምፁ እንደሚያስፈራ ሁሉም ይናገራል፣ ከየት እንደሚመጣ ግን የሚነግር የለም። በዋናው ማግኔት ውስጥ ግራዲየንት የሚባሉ ጥቅልሎች አሉ፤ ኤሌክትሪክ ቶሎ ቶሎ ሲላክባቸው ማግኔቱ ይገፋቸዋል፣ ይንቀጠቀጣሉ። እንደ ስፒከር ማለት ነው፣ ወረቀቱ ብቻ የለም። የጆሮ መድፈኛ ሰጥታኛለች፤ ካልሰጧችሁ ጠይቁ። እኔ ተኝቼ የማስበው ስለ ፍሪኩዌንሲው ነበር። በ1.5 ቴስላ ውስጥ የሰውነታችን ሃይድሮጅን ሲግናል የሚመልሰው በ63.87 ሜጋኸርዝ ነው። የድሮ አንቴና የሰቀለ ያውቀዋል፤ ዝቅተኛው ቪኤችኤፍ የሚባለው የቴሌቪዥን ሞገድ፣ ቻናል 4 የነበረበት ሰፈር! ከወገቤ ሥር ያለው ጥቅልል አንቴና ነው፤ የውጭ ስርጭት እንዳይረብሸው ክፍሉ ዙሪያውን በብረት ተለብጧል።

መሃል ላይ መብራት ሄደ። አምስቱን ኮከብ የሰጠኋት ለዚህች ደቂቃ ነው። ጥበቃው ሊረዳ ባትሪ አብርቶ ሲሮጥ መጣ፤ እሷ በሩ ላይ ቆማ «እንዳትገባ!» ብላ መለሰችው። መብራት ቢጠፋም ማግኔቱ አይጠፋም። ሽቦው በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ስለቀዘቀዘ ኤሌክትሪኩ ያለ ምንም ሬዚስታንስ ውስጡ ይዞራል፤ ያ ባትሪ ከጥበቃው እጅ ተመንጭቆ እኔ ላይ ሊያርፍ ይችል ነበር። ከዚያ ባዶ እጇን ገብታ «ጋሼ አይነሱ፣ ጄኔሬተር እየተነሳ ነው» አለችኝ። ማሽኑ ሲመለስም የተቋረጠውን ክፍል በግማሽ አላለፈችውም፣ ከመጀመሪያው ደገመችው። ወረፋው እየጮኸባት።

ወደ ሲዲው ልምጣ። ፊልሙ ላይ ምስሎቹን አጭቀው ስላተሙት ዶክተሬ በመነጽርም አልለየውም። ሲዲውን ቢከፍት ያለው ተራ ፎቶ ነው። «ዳይኮሙን አምጣልኝ» አለኝ። በዳይኮም ፋይል እያንዳንዱ ቁራጭ ከነቦታውና ከነውፍረቱ ይቀመጣል፣ ሐኪሙ ብርሃኑን እያስተካከለ ከላይ እስከ ታች ያገላብጠዋል። ፎቶው ግን የሆነ ሰው መርጦ ያስቀረለትን ብቻ ያሳየዋል። ተመልሼ ሄጄ ተከራክሬ አስቀዳሁ፤ ገንዘብ አልጠየቁኝም፣ ይቅርታም አልጠየቁኝም። ገና ስትከፍሉ «ሲዲው ዳይኮም ይሁን» በሉ።

ያን ጊዜ ነው ዶክተሩ በደንብ ያሳየኝ። ቲ-ዋን በሚባለው የምስል ዓይነት ስብ ይነጣል፣ በሕብለ ሰረሰር ዙሪያ ያለው ፈሳሽ ይጠቁራል፤ ቲ-ቱ ላይ ፈሳሹ ይነጣል። ጤነኛ ዲስክ ውሃ ስለሚይዝ ቲ-ቱ ላይ መሃሉ ነጣ ይላል። የእኔ በ4ኛውና በ5ኛው የወገብ አጥንት መካከል ያለው ጠቁሮ፣ ወደ ግራ ወጥቶ ነርቩን ተጭኖታል። የአውራ ጣቴ ነገር ተገለጠልኝ። ለጊዜው ፊዚዮቴራፒ ታዟል።

ሪፖርቱ ከተባለው ቀን ዘግይቶ ደረሰ፤ ጽሑፉ ግን ዶክተሩ በዓይኑ ካየው ጋር ገጥሟል። አንድ ነገር ልጨምር። ማሽኑ ምድር ቤት ነው፣ ሪፖርት የሚሰጠው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መብራት በሌለበት ቀን ሊፍቱ በጄኔሬተር አይሠራም። ወገባችሁን የሚያማችሁ፣ በእናንተ ፈንታ ሰው ላኩ።