ፍሪካድ የተሰባሪ ዕቃን ስብራት ለመገመት ይሆናል?

ሴራሚክ ወይም ብርጭቆ ከቀዳዳው ወይም ከጥጉ በስንት ጭነት እንደሚሰነጠቅ ለማስላት ውድ ሶፍትዌር የግድ አይደለም። ነፃው የዲዛይን ፕሮግራም ፍሪካድ፣ ስሌቱን ከሚሠራለት ከካልኩሊክስ ጋር ሆኖ ይበቃል፤ ቁጥሩን ማንበብ ለሚችል ሰው ማለታችን ነው።

መጀመሪያ መልሱ የታወቀ ነገር ስጡት። 100 ሚሊሜትር ስፋት፣ 200 ርዝመት፣ 5 ውፍረት ያለው ሳህን መሃሉ ላይ 10 ሚሊሜትር ቀዳዳ ይኑረው፤ በርዝመቱ በኩል በ5000 ኒውተን ጎትቱት። ስትረሱ፣ ማለትም በአንድ ስፋት ላይ የሚያርፈው ኃይል፣ ከቀዳዳው ራቅ ብሎ 10 ሜጋፓስካል፣ በቀዳዳው ጠርዝ ላይ ወደ 30 ሊታይ ይገባል። ከዚህ ብዙ ካነሰ ሜሹ (ዕቃው ለስሌት የተከፋፈለበት መረብ) ሰፍቷል፣ ወይም ኤለመንቱ (የመረቡ አንድ ቁራጭ) ፈርስት ኦርደር፣ ማለትም ቀላሉ ዓይነት ነው። ይህ ዓይነቱ ቴትራ (ባለ አራት ገጽ ቁራጭ) ከሚገባው በላይ ስለሚገትር ስትረሱን አሳንሶ ያሳያል፤ ሰከንድ ኦርደር ምረጡ። ውጤቱንም የየአቅጣጫውን ስትረስ ወደ አንድ ቁጥር በሚያጠቃልለው በቮን ሚዝስ አትዩት፤ እሱ ተለጥጦ ለሚታጠፍ ብረት ነው። ተሰባሪ ነገር የሚከፈተው በመሳብ ስለሆነ ማክስ ፕሪንሲፓል ስትረስን፣ ማለትም ከየአቅጣጫው ትልቁን የመሳብ ስትረስ፣ ተመልከቱ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሹል ጥግ ላይ ነው። ወደ ውስጥ የገባ 90 ዲግሪ ጥግ ላይ ኤለመንቱን በግማሽ ባሳነሳችሁ ቁጥር ከፍተኛው ስትረስ 37 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ማቆሚያም የለውም። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ጥጉ ፍጹም ሹል ከሆነ በሒሳቡም ስትረሱ ወሰን የለውም። ስለዚህ ደማቁን ቀይ ነጥብ ከዕቃው ጥንካሬ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

መፍትሔው ከጥጉ ትንሽ ገባ ብሎ ማንበብ ነው። ርቀቱ የሚገኘው መሐንዲሶች ኬ ዋን ሲ የሚሉትን፣ ማለትም ዕቃው ስንጥቅን የመቋቋም አቅሙን፣ ለጥንካሬው አካፍሎ፣ ስኩዌር አድርጎ፣ ለፓይ በማካፈል ነው፤ የዚህ ግማሽ ይወሰዳል። ኬ ዋን ሲው 4 ሜጋፓስካል ሩት ሜትር፣ ጥንካሬው 300 ሜጋፓስካል ለሆነ አሉሚና (የሴራሚክ ዓይነት)፣ ሙሉው 0.057፣ ግማሹ 0.028 ሚሊሜትር ይመጣል። እዚያ ነጥብ ላይ ማክስ ፕሪንሲፓሉ 300 ሲደርስ ዕቃው ይሰበራል ብላችሁ ገምቱ። ፍሪካድ ውስጥ ዴታ አሎንግ ላይን የሚባለው ማጣሪያ ጥጉን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ይህን ያወጣል፤ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ጥጉ አካባቢ ኤለመንቱ 0.005 ሚሊሜትር ያህል መሆን አለበት። ሙሉውን ዕቃ እንዲህ ብታደቁት ኮምፒውተሩ ሜሞሪ ያልቅበታል፤ ጥጉን ብቻ አድቁ፣ ሲሜትሪ ካለም ሩቡን ብቻ አስሉ። እውነተኛው ዕቃ ጥጉ ላይ 0.2 ሚሊሜትር ክብነት ካለው ሞዴሉ ውስጥ አስገቡት፤ ውጤቱ በጣም ይለወጣል።

ፍሪካድ ይህን ርቀት የሚያሰላ አዝራር የለውም፣ ስሌቱ በእጅ ነው። ጥንካሬውንም ከመጽሐፍ ሠንጠረዥ ሳይሆን፣ ገጹ እንደ ዕቃችሁ ከተሞረደ ናሙና ውሰዱ፤ የሞረዱ ጭረት ብቻውን ጥንካሬውን ያወርደዋል።