ለተቆለመመ እግር፦ ጄሶ ወይስ ኦፕራሲዮን?

ልጁ እግሩ ወደ ውስጥ ተቆልምሞ ከተወለደ፣ እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ ጄሶ ነው። የፖንሴቲ ዘዴ ይሉታል። ሐኪሙ በየሳምንቱ እግሩን በእጁ ቀስ እያለ ያቃናና አዲስ ጄሶ ያደርግለታል፤ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጄሶ ይበቃል፣ ከዚያ አብዛኞቹ ሕፃናት የተረከዝ ጅማታቸው በማደንዘዣ ይቆረጥና ረዝሞ መልሶ ይገጥማል።

እግሩን በሰፊው ከፍቶ የሚያቃናው ኦፕራሲዮን ቶሎ የሚገላግል ይመስላል። ግን ጠባሳው እግሩን ሊያደርቀው፣ ልጁ ሲያድግም ሊያመው ይችላል።

የጄሶው ፈተና የሚመጣው ጄሶው ካለቀ በኋላ ነው፦ በብረት የተያያዘው ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ከዚያ እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ሲተኛ ይደረጋል። አለቀሰ ብላችሁ ካወለቃችሁት (አያቶች፣ እናንተንም ነው!) እግሩ ተመልሶ ሊቆለመም ይችላል። ኦፕራሲዮኑ ጄሶ እምቢ ላለው እግር ይቆይ።