ለወለቃዋ ሸክላ ሠሪ ምስጋና፣ ልጆች ላሏችሁም ጥቆማ

ጎንደርና አካባቢዋ የምትኖሩ፣ በተለይ ትንንሽ ልጆች ያሏችሁ፣ ትንሽ ጊዜ ስጡኝ። ወለቃ የሚኖሩ አንዲት ሸክላ ሠሪ እናትን በአደባባይ ላመሰግን ነው። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም፤ ሥራቸውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ወለቃን ለማታውቁ፣ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ፣ ከከተማው ወጣ እንዳላችሁ የምታገኙት መንደር ነው። ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል እስኪሄዱ ድረስ የኖሩበት፣ በሸክላ ሥራው የታወቀ ቦታ። ዛሬ ሙያውን ይዘው የቀጠሉት እዚያው ያሉት የአካባቢው ሴቶች ናቸው። መንገድ ዳር የሚደረደሩትን የሸክላ አንበሶች ብዙዎቻችሁ አይታችኋል። እኚህ እናት ግን ከጀበናና ከምጣዱ ጎን የስሜንን አውሬዎች ይሠራሉ፦ ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ።

ልጄ አንደኛ ክፍል ናት። የዱር እንስሳትን ስም እንደ መዝሙር ትደረድራለች፤ ሳዪ ስትሏት ግን የምትሥለው ሁሉ አራት እግርና ጅራት ያለው ፍየል ነው። ስሜን ወስጄ እንዳላሳያት ጊዜውም መንገዱም አልተመቸኝም። ስለዚህ ወለቃ ወሰድኳት።

ሴትዮዋ "ይሄ ዋልያ ነው" ብለው አልጀመሩም። ዋልያና ፍየል ጎን ለጎን አስቀመጡና "እናቴ፣ እያገላበጥሽ እዪና የሚለያዩበትን ንገሪኝ" አሏት። ልጅቷ መጀመሪያ "ይሄ ትልቅ ነው" ብላ ዝም አለች። እሳቸውም ዝም አሉ። እኔ ልናገር አፌን ስከፍት በዓይናቸው ገሰጹኝ! ቆይታ ቀንዱን በጣቷ ስትዳብስ ነው ነገሩ የተከፈተላት፤ ወደ ኋላ እንደ ቀስት የታጠፈ፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ አንጓ አንጓ ያለው። ቀጥሎ አነስ ያለ ቀንድ ያላት ሌላ ዋልያ ሰጧት። ግልገሉ ናት ስትል "የለም፣ ሴቷ ናት፤ ሴቷም ቀንድ አላት" አሏት።

ሰሞኑን ታዲያ ከመሳቢያ ውስጥ አሮጌ 10 ሳንቲም አግኝታ እየሮጠች መጣች። "ይሄ ዋልያ አይደለም፣ ቀንዱ ተጠማዟል" አለችኝ። እውነቷን ነው። ሳንቲሙ ላይ ያለው የባሌና የአርሲው የደጋ አጋዘን፣ ኒያላ የምንለው ነው። እኔ ያን ሳንቲም ዕድሜዬን ሙሉ ስቆጥረው ነው የኖርኩት።

ጭላዳው ደግሞ ሌላ ነው። ሰውነቱን በሙሉ በሹል እንጨት እየጫሩ ጸጉር ያስመስሉታል፤ ደረቱን ግን ለስላሳ ትተው ቀይ አፈር ይቀቡታል። ልጄ ለምን ብላ ጠየቀች። መልሳቸው ጥያቄ ነበር፦ "ሣር ሲነጭ እንዴት ሆኖ ይመስልሻል?" ራሷ መሬት ላይ ዘፍ ብላ፣ በሁለት እጇ ሣር እየነጨች አሳየቻቸው። ቁጭ ብሎ የሚውል እንስሳ ለሌላው የሚታየው ደረቱ መሆኑን ያን ጊዜ ገባት። የቀይ ቀበሮው አፍ ሹልና ቀጭን የሆነውም አይጥና ፍልፈል አዳኝ ስለሆነ መሆኑን እንዲሁ በጥያቄ አደረሷት።

በመጨረሻ ጭቃ ሰጧት። የሠራችው ቀበሮ እግሩ ቀጥኖ ተንበረከከ፤ አልረዷትም፣ እሳቸው የሠሩትን ቀበሮ እግር ውፍረት እንድታይ ብቻ አደረጉ። አሮጌ ገል ተፈጭቶ ከአፈሩ ጋር የሚቀላቀለው እንዳይሰነጠቅ መሆኑን፣ ውስጡ ሳይደርቅ በኩበት እሳት የተተኮሰ ሸክላ እንደሚፈነዳ እሷም እኔም እዚያው ተማርን።

አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ዛሬም ግን ሸክላ ሠሪን "ቡዳ" ብሎ ልጁን የሚያሸሽ ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው የሚያጣውን አያውቅም፤ እኔ ከዚህ በላይ አልከራከረውም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ወለቃ ስትደርሱ "ዋልያ የሚሠሩት" ብላችሁ ብትጠይቁ ያሳዩአችኋል። ለቤት ከሆነ ፍየልና ዋልያውን አብራችሁ ግዙ፤ አንዱ ብቻውን ጌጥ ነው የሚሆነው። ትንሽ ልጅ ካላችሁ ጅራቱና ቀንዱ ወፈር ተደርጎ እንዲሠራ ንገሯቸው፣ ቀጭኑ ቶሎ ይሰበራል። በጭድ ጠቅልለው ይሰጧችኋል። ዋጋው የሚያስደነግጥ አይደለም፣ እባካችሁ አትከራከሯቸው። የአንደኛ ሳይክል መምህራን ደግሞ ለክፍል የሚሆን አራት አምስት እንስሳ በአንድ ላይ ማዘዝ ትችላላችሁ። በክረምት ሸክላው ቶሎ ስለማይደርቅ ቀደም ብላችሁ እዘዙ። ቅዳሜ አትሂዱ፤ ጀበናቸውን ይዘው ገበያ ይወጣሉ።