ደረቱ የሆላንድ፣ ጀርባው የእኛ፦ ፒያሳ አጠገብ ስላለችው ማሊያ ቤት

ጎንደር ውስጥ ማሊያ የሚሸጥ ሱቅ ሞልቷል። ስም አስተካክሎ የሚያትም ግን ጥቂት ነው። ለዚህ ነው ስለ አንዲት ጠባብ ሱቅ ልጽፍ የተነሳሁት። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ፣ ጫማ ቤቶቹ መሀል ናት። ታፔላ የላትም። በሯ ላይ የፋሲል ከነማ ማሊያ ተንጠልጥሎ ካያችሁ ደርሳችኋል። ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚያወራው።

እኔ የሠፈራችን ጤና ቡድን ገንዘብ ያዥ ነኝ። እሁድ ጠዋት ማራኪ በኩል እንጫወታለን፤ አብዛኞቻችን አርባን አልፈናል፤ ከሩጫችን ክርክራችን ይበልጣል። ዘንድሮ ማሊያ ይቀየር ተባለ። እርስ በርስ ስለምንጋጠም ግማሹ ብርቱካናማ፣ ግማሹ ሰማያዊ ይሁን ተባለ። ጀርባው ላይ ሁሉም የወደደውን ስም ያሳትም ብሎ የወሰነው ሊቀመንበራችን ነው። ሰላም የሚያወርድ ሐሳብ መስሎት ነበር።

ሱቁ ውስጥ የነበረው ብርቱካናማ የሆላንድ ማሊያ ነው። ደረቱ ላይ አንበሳው አለ። ክንፍ ላይ የሚሮጠው ልጃችን ወዲያው «በቃ፣ ለእኔ ሲፋን በልልኝ» አለ። እዚህ ተወልዳ ለሆላንድ የምትሮጠዋን ሲፋን ሐሰንን ማለቱ ነው። በፊደላችን፣ በትልቁ። አንጋፋው ተከላካያችን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቺ ልጅ እኮ ፓሪስ ላይ የእኛዋን ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ የቀደመች ናት። ደግሞ ስሟን ተሸክመን እንሩጥላት?»

ባለ ሱቁ ልጅ ከማሽኑ ቀና ሳይል መለሰ። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ትዕግሥትን አትምልዎታለሁ። ዋጋው ያው ነው።»

እዚህ ላይ ነው ሱቋን የወደድኳት። ልጁ ነጋዴ ነው፤ ክርክር ውስጥ አይገባም። እኛ ግን ገባንበት። ማሽኑ እስኪሞቅ ድረስ የሄድንበትን ክርክር ካልነገርኳችሁ ግምገማው ጎዶሎ ይሆናል።

ሦስት ሰከንዷ እውነት ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በፓሪሱ የኦሊምፒክ ማራቶን ሲፋን ሐሰን 2:22:55 ገባች፤ የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ነው። ትዕግሥት አሰፋ 2:22:58። መጨረሻው ላይ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተዋል፣ ኢትዮጵያ ይግባኝ ብላለች፣ ይግባኙም ውድቅ ሆኗል። አንጋፋው ይህን ሁሉ እንደ ትናንት ያስታውሱታል። አልፈርድባቸውም። እኔም ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ልሰብረው ነበር።

ግን ልጅቷን ሆላንድ አልገዛቻትም። አዳማ ተወለደች። በ2008 በአሥራ አምስት ዓመቷ ስደተኛ ሆና ሄደች። ዜግነቱን ያገኘችው በ2013 ነው። ያሳደጋት አገር ማሊያ ቢያለብሳት ምን ይገርማል? ክንፍ ላይ የሚሮጠው ልጅም ያለው ይህንኑ ነው፤ እሱ ግን በጩኸት ነው ያለው።

ቀጥሎ ያነሳው ነገር ሁላችንንም ዝም አሰኘን። የቶኪዮን 10,000 ሜትር። ውድድሩ በ2021 ነው የተካሄደው። ወርቅ ሲፋን ሐሰን፣ ሆላንድ። ብር ቃልኪዳን ገዛኸኝ፣ ባህሬን። ነሐስ ለተሰንበት ግደይ፣ ኢትዮጵያ። ሦስቱም እዚሁ አገር የተወለዱ ናቸው። መድረኩ ላይ ግን ሦስት የተለያየ ባንዲራ ወጣ። «ታዲያ እኛ አሸነፍን ወይስ ተሸነፍን?» አለ። የመለሰለት የለም። ባለ ሱቁ ብቻ «ማሊያውን ያዙልኝ፣ እንዳይጨማደድ» አለ።

ስለ ሥራው ጥራት ልንገራችሁ። ስሙን በወረቀት ጽፋችሁ ነው የምትሰጡት። እሱ ኮምፒውተር ላይ ይጽፍና መልሶ ያስነብባችኋል። ሌላ ቦታ ይህ የለም። ባለፈው ዓመት ሌላ ሱቅ ውስጥ የአንዱ ጓደኛችን ስም አንድ ፊደል ተገድፎ ታትሞ፣ ወቅቱን ሙሉ በተሳሳተ ስም ሲጠራ ከርሟል። ይሄኛው ልጅ ፊደሉን በማሽን ይቆርጥና ትርፍራፊውን በመርፌ ነቅሶ ያወጣል። የ«ሐ»ን እግሮች፣ የ«ዕ»ን ቀለበት ልብ ብላችሁ እዩለት። አንድም የተጣመመ የለም። ከዚያ በሙቀት ማሽኑ ይጫነዋል። እስኪቀዘቅዝ ሳይጠብቅ ፕላስቲኩን አይልጥም፤ ሌሎች የሚቸኩሉት እዚህ ላይ ነው። ለዚያ ነው የእነሱ ቁጥር ከሁለት እጥበት በኋላ የሚላጠው።

ጨርቁ ግን ልፍስፍስ ነው። ልሸፋፍንላችሁ አልችልም። ላብ ሲነካው ገላ ላይ ይለጠፋል፣ ቦርጭ ያለው ሰው ይጋለጣል። ከእኛ ቡድን ቦርጭ የሌለው ማን አለና! የአንዳንዱ ኮሌታ ስፌትም ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ተተርትሯል። ልጁ ጨርቁን አያመርትም፣ ከአዲስ አበባ ነው የሚያስመጣው። ግን መርጦ ማምጣት የእሱ ሥራ ነው።

ወደ ክርክሩ ልመለስ። አንጋፋው በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ሲፋንስ እሺ፣ ስደት ነው። በገንዘብ የሄዱትስ?» አሉ። እዚህ ላይ ግማሽ እውነት አላቸው። ባህሬን ስንቱን ወስዳለች። ዘነበች ቶላ ማርያም ዩሱፍ ጀማል ተብላ በ2007 እና በ2009 ለባህሬን የ1,500 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። ቱርክም ኤልቫን አቤይለገሰን ይዛ በ2004 የ5,000 ሜትር የዓለም ክብረ ወሰን አስመዝግባለች። ስማቸው ሳይቀር ተቀይሯል፤ እኔን የሚከነክነኝ ይሄኛው ነው። ባንዲራው ይቀየር፣ የእናት አባት ስም ለምን?

ግን ሰዎቹ ለምን እንደሄዱ እንቁጠር። አንድ አገር ኦሊምፒክ ላይ በአንድ ርቀት የሚያሰልፈው ከሦስት ሯጭ አይበልጥም። በዓለም ሻምፒዮና የዓለም ሻምፒዮኗ ካለች አራተኛ ትጨመራለች። በኢትዮጵያ 10,000 ሜትር አምስተኛና ስድስተኛ የምትወጣ ልጅ ሌላ አገር ብትሆን አንደኛ ናት። እዚህ ግን ቤቷ ቁጭ ብላ በቴሌቪዥን ታያለች። የሩጫ ዕድሜ አጭር ነው። ወንበሩ ሦስት፣ ተሰላፊው አርባ ከሆነ፣ የተረፈው ሰው ሌላ በር ቢያንኳኳ «ከዳ» የምንለው በምን አፋችን ነው?

ገበያው ግን ልጓም ያስፈልገው ነበር። የዓለም አትሌቲክስ በ2017 ዝውውሩን በሙሉ አገደው። በ2018 ደግሞ አዲስ ደንብ አወጣ፦ ከሃያ ዓመት በታች ያለ ልጅ አገር አይቀይርም፣ የቀየረ ሦስት ዓመት ይጠብቃል፣ ከአንድ ጊዜ በላይም አይቀየርም። ይህ ደንብ ልክ ነው ባይ ነኝ። ያልበሰለች ልጅ ፊት ውል ዘርግቶ ማስፈረም እና ስደተኛ ሆና ያደገችን ልጅ ማሰለፍ አንድ አይደሉም። አንጋፋው ይህን ሲሰሙ «እንዲህ ከሆነስ ደግ» ብለው ለትንሽ ጊዜ ዝም አሉ።

ጎንደር ላይ ይህ ወሬ የሩቅ ወሬ አይደለም። ከከተማው ወደ ሰሜን ትንሽ ወጣ ስትሉ ወለቃ አለች፣ ቤተ እስራኤሎች የኖሩባት። ስንቱ ጎረቤታችን እስራኤል ዘመድ አለው። በ2023 ቡዳፔስት ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ብር ያመጣው ማሩ ተፈሪ ኢትዮጵያ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ እስራኤል የሄደ ነው። ሦስተኛ የገባው የእኛው ልዑል ገብረሥላሴ ነበር። ባለ ሱቁ ልጅ እንደነገረን ከእስራኤል ለጥየቃ የሚመጡ ወጣቶች ሱቋን ያውቋታል። የሚያሳትሙት ምን መሰላችሁ? የኢትዮጵያን አረንጓዴና ቢጫ ማሊያ፣ ጀርባው ላይ የአያታቸውን ስም በአማርኛ። ፊደሉን ማንበብ ስለማይችሉ እሱ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አንጋፋው ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ፈታ አለ። ከዚያ በኋላ ሲከራከሩ ድምፃቸው ለስልሷል።

በእግር ኳሱ ደግሞ ነገሩ ተገላብጧል። እዚያ ደሃው አገር ነው ውጭ የተወለደውን ልጁን የሚሰበስበው። ሞሮኮ በ2022 ዓለም ዋንጫ ከ26 ተጫዋቾቿ 14ቱ ውጭ የተወለዱ ነበሩ። ተከላካያቸው ሐኪሚ ማድሪድ ተወልዶ ስፔንን በፍጹም ቅጣት ምት ያሰናበተው እሱ ነው፤ በረኛው ወድቆ እያለ ኳሷን መሀል ላይ ቀስ አድርጎ መትቶ። ሞሮኮ ግማሽ ፍጻሜ ደረሰች፣ ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ።

ግብ ጠባቂያችን ግን ሁላችንንም ያስገረመ ስም አሳተመ። «ሎፔስ» አለ። የማነው ቢሉት የኬፕ ቨርዴ ተከላካይ። ደብሊን ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ አባቱ ከኬፕ ቨርዴ። የኬፕ ቨርዴ አሰልጣኝ በሊንክድኢን፣ ሰው ለሥራ በሚገናኝበት ድረ ገጽ፣ መልእክት ላከለት። በፖርቱጋልኛ ስለነበር የማስታወቂያ መልእክት መስሎት ለወራት ዘጋው። ሁለተኛ ሲጻፍለት ነው የገባው። ያቺ ትንሽ አገር በ2025 ለዓለም ዋንጫ አለፈች፣ እሱም አብሮ። ግብ ጠባቂያችን ይህን ታሪክ ከተረከልን በኋላ ወደ እኔ ዞሮ «ገንዘብ ያዥ፣ የእኛ ፌዴሬሽን ሊንክድኢን አለው?» አለኝ። እኔ ምን አውቃለሁ!

ለእኛ መልእክቱ ብቻውን አይበቃም። የዜግነት አዋጃችን፣ ቁጥር 378/1996 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው)፣ ሁለት ዜግነት አይፈቅድም። የውጭ ዜግነት ላለው የአገር ልጅ የሚሰጠው ቢጫ ካርድ ከቪዛና ከሌላ ሌላው ይገላግለዋል እንጂ ዜጋ አያደርገውም። ፊፋ ደግሞ ለብሔራዊ ቡድን የሚያሰልፈው ዜጋን ነው። ስለዚህ ስቶክሆልም ወይም ዋሽንግተን ያደገ ልጅ ለዋልያዎቹ ልጫወት ካለ የያዘውን ፓስፖርት መተው አለበት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ይህን እንዲመርጥ መጠየቅ ይከብዳል። ሯጮቻችንን ሌላው አገር ሲያቅፋቸው እየተናደድን፣ ኳስ ተጫዋች ልጆቻችን ሲመጡ በሩን ዘግተን መቀመጣችን ለእኔ አይገጥምልኝም።

የኬፕ ቨርዴ ማሊያ ሱቁ ውስጥ አልነበረም፣ ይኖራል ብሎ የጠበቀም የለም። ልጁ ባዶ ሰማያዊ ማሊያ አወጣ። ጀርባው ላይ «ሎፔስ»፣ ከሥሩ 1 ቁጥር። ተከላካይ 1 ቁጥር እንደማይለብስ ነግረነው ነበር፤ ግብ ጠባቂያችን «ስሙ የእሱ፣ ቁጥሩ የእኔ» ብሎ እንቢ አለ። ዓርማ ለመለጠፍ ልጁ ራሱ ፈቃደኛ አልሆነም። «የሌለውን አለ ብዬ አልሸጥም» አለ። ይህን ወድጄለታለሁ።

ዋጋው እንዲህ ነው። እኔ ስከፍል ማሊያው 750 ብር፣ ስምና ቁጥር 150 ብር ነበር። ለቡድን ብዛት ስላለን ከእያንዳንዱ ላይ 50 ብር ቀነሰልን፣ ያውም ከብዙ ክርክር በኋላ። ቀብድ ግማሹን ይቀበላል። ደረሰኝ በእጅ ጽፎ ነው የሰጠኝ፤ ለገንዘብ ያዥ ራስ ምታት ነው፣ ማኅተም እንዲያደርግበት አጥብቃችሁ ጠይቁ። «ነገ ይደርሳል» ካላችሁ ከነገ ወዲያ ሂዱ። መብራት ከጠፋ ደግሞ ጨርሶ አትሂዱ፤ ጄኔሬተር የለውም፣ ማሽኑም ያለ መብራት ጠረጴዛ ነው።

አንድ ስም ተሳስቶ ታትሞብን ነበር። ስህተቱ የእሱ ስለነበር ያለ ክፍያ አዲስ ማሊያ ሰጠን። አልተከራከረም፣ ፊቱንም አላጠቆረም። ጎንደር ውስጥ ይህን የሚያደርግ ሱቅ ካላችሁ ጠቁሙኝ፣ እሄዳለሁ።

አንጋፋው በመጨረሻ ብርቱካናማውን ወሰዱ። ሰማያዊው በሳቸው መጠን አልቆ ነበር። «ትዕግሥት» ብለው አሳተሙ። የሆላንድ አንበሳ ደረታቸው ላይ፣ ትዕግሥት ጀርባቸው ላይ። እሁድ ዕለት ሲፋንና ትዕግሥት በአንድ ቡድን ተሰልፈው 4 ለ 1 ተሸነፉ።

ለቡድን የምታሳትሙ ከሆነ ከታኅሣሥ አጋማሽ በፊት እዘዙ። ከዚያ በኋላ የጥምቀት ቲሸርት የሚያሳትመው ወጣት በር ላይ ይሰለፋል፣ ልጁም ስልክ አያነሳም። የልጆች መጠን ብዙም የለውም። እሁድ ዝግ ነው። ማሊያውን በቀዝቃዛ ውኃ ገልብጣችሁ እጠቡት፣ ካውያ እንዳታሳርፉበት።