የእናቴን ጥለት የገና ኮከብ ላደረጉልኝ እትዬ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክና ዲሲ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ይህችን ጽሑፍ አንብቡልኝ። ምስጋናም ናት፣ ጥቆማም ናት።

የማመሰግናቸው ሴት ልብስ ሰፊ ናቸው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣው ስለለመኑኝ፣ እንደምጠራቸው እትዬ እላቸዋለሁ። አዲስ አበባ እያሉ በሲንጀር መኪና የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፉ ነበር። እዚህ ከመጡ በኋላ ደግሞ ከጎረቤታቸው፣ ከአንዲት ጥቁር አሜሪካዊት አዛውንት፣ ኪልት መስፋት ተማሩ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታቸው ቤዝመንት ውስጥ በአማርኛ ያስተምራሉ።

ኪልት ለማታውቁት፣ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ተገጣጥሞ የሚሠራ ብርድ ልብስ ነው። ከላይ የተገጣጠመው ጨርቅ፣ መሃሉ ላይ ስስ የጥጥ ንጣፍ፣ ከታች ገበር። ሦስቱ ተደርበው አብረው ይሰፋሉ። ጋቢያችን አራት ድርብ ስለሆነ አይደል የሚሞቀው? ይሄም እንደዚያው ነው። የላዩ ጨርቅ ብዙውን ጊዜ ከእኩል አራት ማዕዘኖች ይገጣጠማል። አንዷ አራት ማዕዘን ብሎክ ትባላለች። እኔ የተማርኩት አንዲት የገና ብሎክ መስፋት ነው።

ነገሩ የጀመረው በእናቴ ነጠላ ነው። እናቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ነጠላዋ ለእኔ ደረሰኝ። መሃሉ ሳስቶ ተበጣጥሷል፣ ጥለቱ ግን እንዳለ ነው። ወይን ጠጅና ወርቃማ፣ ስፋቱ አራት ጣት የሚሆን። አራት ወንድማማችና እህትማማች ነን። እኔ እዚህ፣ አንዷ ዱባይ፣ ሁለቱ አዲስ አበባ። ለሁላችንም ከእሷ ነጠላ ትንሽ ትንሽ ብትደርሰን ብዬ ተመኘሁ።

መጀመሪያ አንድ ሱቅ ወሰድኩት። ሰውየው ተናግሬ ሳልጨርስ መቀሱን አነሳ። «ይሄ አርጅቷል፣ ጥለቱን ቆርጬ ልስጥህ፣ ሌላውን ጣለው» አለኝ። ከእጁ ተቀብዬ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ነጠላው ዓመት ሙሉ ሻንጣ ውስጥ ተቀመጠ።

እትዬን የጠቆመችኝ የማኅበር ሰው ናት። ቤታቸው ስደርስ ነጠላውን ከፌስታል አውጥቼ ልሰጣቸው ስል ቆይ አሉኝ። እጃቸውን ታጥበው መጡ። ከዚያ ዘርግተው አዩትና «የማን ነው?» አሉ። የእናቴ ነው አልኳቸው። የት የት ትለብሰው እንደነበር ጠየቁኝ። ለገና ለጥምቀት መሆኑን ነገርኳቸው። መልሰው አጣጠፉትና እጄ ላይ አኖሩት። «ዛሬ አንነካውም። መጀመሪያ በሌላ ጨርቅ ትማራለህ። እጅህ ሲለምድ ራስህ ትቆርጠዋለህ» አሉኝ።

እኔ ሹፌር ነኝ። መርፌ ይዤ አላውቅም። ወንድ መሆኔም ትንሽ አሳቅቆኝ ነበር። እሳቸው ግን «አገራችን ሸማኔውም ልብስ ሰፊውም ወንድ አይደል እንዴ? ና ተቀመጥ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ።

የመጀመሪያውን ቅዳሜ ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ስሰፋ ዋልኩ። ኪልት ላይ ከስፌቱ እስከ ጨርቁ ጫፍ የሚተወው ሩብ ኢንች ነው፣ ስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ። እንደ ቀሚስ በኋላ ይጠባል ይሰፋል የሚባል ነገር የለም። እትዬ መፈተኛ አላቸው። ስፋታቸው አንድ ኢንች ተኩል የሆኑ ሦስት ዘንግ ጨርቆች ይሰጧችኋል። ጎን ለጎን ትሰፏቸውና ትተኩሷቸዋላችሁ። ከዚያ የመሃሉን ትለካላችሁ። በትክክል አንድ ኢንች ከሆነ አለፋችሁ። የእኔ አነሰ። ምክንያቱን አሳዩኝ፣ ክሩና እጥፋቱ ራሱ ትንሽ ጨርቅ ይበላል። ስለዚህ ከሩብ ኢንች በፀጉር ያህል አጥብቦ መስፋት ያስፈልጋል። «ፍታው» አሉኝ። ፈታሁት። አራተኛው ላይ ልክ መጣ።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ለምን መሰላችሁ? እዚያው ቤት ያገኘኋት አንዲት እህት ከቪዲዮ አይታ የሰፋችው ብሎክ 12 ኢንች ተኩል መሆን ሲገባው 11 ወጥቶባት ነበር። ብዙ ስፌት ስላለ ትንሿ ስህተት እየተጠራቀመች ትሄዳለች። እትዬ ችግሩን ያገኙላት አንድ ጊዜ ገልብጠው አይተው ነው።

ካውያ ላይም እንደዚያው። ካውያውን ጨርቁ ላይ ወዲያና ወዲህ መግፋት የለም፣ ይጎትተዋል። ታስቀምጣላችሁ፣ ታነሳላችሁ፣ ደግሞ አጠገቡ ታስቀምጣላችሁ።

ብሎኩ ሶውቱዝ ስታር ይባላል፣ ባለ ስምንት ጫፍ ኮከብ ነው። ሰብአ ሰገልን የመራው ኮከብ ይሁንልህ ብለው የመረጡልኝ እሳቸው ናቸው። ለጀማሪ ቀላል ነው። መሃሉ 6 ኢንች ተኩል በ6 ኢንች ተኩል የሆነ አንድ አራት ማዕዘን ነው። ለአራቱ ጥግ 3 ኢንች ተኩል የሆኑ አራት ትንንሽ። ለአራቱ ጎን 3 ተኩል በ6 ተኩል የሆኑ አራት ሞላላዎች። ለኮከቡ ጫፎች ደግሞ 3 ተኩል የሆኑ ስምንት ትንንሽ። መደቡን ጥቁር ሰማያዊ አደረግን፣ እንደ ሌሊት ሰማይ። ጫፎቹን ወርቃማ።

የጫፎቹ አሠራር በጣም ነው የገረመኝ። ወርቃማዋን ትንሽ አራት ማዕዘን ሞላላው ጫፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ከጥግ እስከ ጥግ ሰያፍ መስመር ታሰምራላችሁ። መስመሩ ላይ ትሰፋላችሁ። ከስፌቱ ሩብ ኢንች ትታችሁ ጥጉን ትቆርጣላችሁ። ስትገለብጧት ሦስት ማዕዘን ሆና ታገኟታላችሁ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ስለሚለጠጥ፣ ከሰፉ በኋላ መቁረጡ ለጀማሪ ይሻላል። በሌላኛው ጫፍም እንዲሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ። ሁለቱ ወርቃማዎች የሚገናኙበት ነጥብ ከጨርቁ ጫፍ ሩብ ኢንች መራቅ አለበት። እኔ የመጀመሪያው ላይ ይህን ስቼ ኮከቤ ጫፉ ተበላ። ያንንም አስፈቱኝ።

እየፈታሁ ሳለ ስለ ሀሪየት ፓወርስ አወሩልኝ። እሳቸውም ታሪኩን የሰሙት ከዚያች ጎረቤታቸው ነው። ሀሪየት እ.ኤ.አ. በ1837 ጆርጂያ ውስጥ በባርነት የተወለደች ሴት ናት። የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ በጨርቅ ቆርጣ ኪልት ላይ ሰፋች። አዳምና ሔዋን አሉ፣ ቃየል አለ፣ ስቅለቱ አለ። መጨረሻው ላይ ዮሴፍ፣ ድንግልና ሕፃኑ ናቸው፣ ከራሱ በላይ የቤተልሔም ኮከብ። ኪልቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ኤተንስ በምትባል የጆርጂያ ከተማ በተደረገ የጥጥ አውደ ርዕይ ላይ ታየ። አንዲት የሥዕል መምህርት ልትገዛው ብትጠይቅም ሀሪየት እምቢ አለች። በኋላ ሲቸግራት 10 ዶላር ጠየቀች፣ 5 ዶላር ተቀብላ ሰጠች። ከሸጠችውም በኋላ እየተመላለሰች ታየው ነበር። ኪልቱ ዛሬ የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው፣ እዚሁ ዋሽንግተን። እትዬ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው ከእናቴ ነጠላ ላይ ነበር። ለምን መጀመሪያ ቀን አልነካውም እንዳሉ ያኔ ገባኝ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ነጠላውን ዘረጋነው። ሸማ ልል ነው፣ ሲቆረጥ ጫፉ ይተረተራል። ስለዚህ ከመቁረጣችን በፊት ከጀርባው ስስ ማጣበቂያ ጨርቅ በካውያ ለጠፉበት። የጥለቱ ክር አብረቅራቂ ስለሆነ እንዳይቀልጥ ሙቀቱን ቀነሱ፣ ከላይም ነጭ ጥጥ ጨርቅ ጣል አደረጉበት። ከዚያ ማስመሪያውን አስተካክለው ክብ ምላጭ ያለውን መቁረጫ ሰጡኝ። እጄ ተንቀጠቀጠ። «አይዞህ ልጄ፣ ጊዜ አለን» አሉኝ። ዝም ብለው አጠገቤ ቆሙ። ጥለቱን መሃል አውዬ አራት ካሬ ቆረጥኩ። ያን ቀን ሌላ ነገር አልሰራንም። ቡና አፈሉ፣ ስለ እናቴ አወራኋቸው።

አራቱን ኮከቦች እየገጣጠምኩ የትራስ ልብስ አደረግኳቸው። ሦስቱን በመንገደኛ ላክኩ። ለታኅሣሥ 29 ደረሱ። ታላቅ እህቴ ከአዲስ አበባ በቪዲዮ ደወለች። ትራሱን አቅፋ ነበር፣ ብዙ ቃል አልወጣትም። ጣቷን ጥለቱ ላይ እያስኬደች «ይቺ እኮ የጥምቀቷ ናት» ብቻ አለችኝ።

አሁን ወደ ጥቆማው። እትዬ በአንድ ጊዜ ከአራት ሰው በላይ አይቀበሉም፣ የስፌት መኪናቸው አራት ነው። ትምህርቱ ሦስት ሰዓት ይቆያል፣ እኔ በአንድ ቅዳሜ 35 ዶላር ከፍያለሁ፣ ክፍያው በጥሬ ገንዘብ ነው። የስፌት መኪና ከሌላችሁ የእሳቸውን ትጠቀማላችሁ። ጨርቅ ግን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥጥ ይሁን፣ ታጥቦ የተተኮሰ ይሁን። የችኮላ ሥራ ከፈለጋችሁ አይሆኑላችሁም። ለነገ ይድረስልኝ የሚል ሰው ሲመጣ በትህትና ይሸኛሉ። የተሳሳተ ስፌትም አያሳልፉም። ሦስት ጊዜ ብትስቱ ሦስት ጊዜ ያስፈታሉ፣ ድምፃቸውን ግን አንድ ቀን ከፍ ሲያደርጉ አልሰማሁም። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናቶች ከዚህ የተሻለ ቦታ አላውቅም። እናቶቻችሁን ቤት አታስቀምጧቸው፣ ውሰዷቸው።

ለእንቁጣጣሽ በቢጫ ጨርቅ የአደይ አበባ ብሎክ ሊያስተምሩ አስበዋል። መመዝገብ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን አስፈቅጄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ።

እትዬ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ እንደምታነብልዎት አውቃለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። እጅዎ ይባረክ። ዱባይ ያለችው እህቴ ሴት ልጅ ወልዳለች። ከነጠላው የተረፈችውን ቁራጭ ይዤ ቅዳሜ እመጣለሁ።